«ሦስት ዓመት ብቻ ጥርሴን ነክሼ ልሥራ» ላልከው ወንድሜ

ጥያቄው አጠር ተደርጎ ይህን ይመስላል፦

«ሰላም ዶክተር፣ እንደምን አሉ? 41 ዓመቴ ነው። የሒሳብ ባለሙያ ነኝ። ቀን መደበኛ ሥራዬ ላይ ነኝ፣ ማታ ለሁለት ድርጅቶች ሒሳብ እሠራለሁ፣ ቅዳሜና እሁድ የራሴን አነስተኛ ንግድ እከታተላለሁ። ሲደመር በሳምንት 75 ሰዓት ገደማ ይሆናል። በሌሊት የምተኛው ለ5 ሰዓት ብቻ ነው፤ ለምጄዋለሁ። ከወር በፊት ጉንፋን ይዞኝ ክሊኒክ ስሄድ ግፊትህ 152 በ96 ነው፣ ተመልሰህ ተለካ አሉኝ፤ ጊዜ አላገኘሁም። የሚያመኝ ነገር የለም። ባለቤቴ ‹ልጆቹ የሚያውቁህ ተኝተህ ነው› ትለኛለች። የእኔ ሐሳብ ሦስት ዓመት ብቻ ጥርሴን ነክሼ ልሥራ፣ ዕዳዬን ልዝጋ፣ ቤቴን ልጨርስ፣ ከዚያ ጤናዬንም ቤተሰቤንም አያለሁ ነው። ያስኬዳል ወይስ ራሴን እያታለልኩ ነው?»

ወንድሜ፣ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። ዕዳ ለመዝጋት ማሰብህ ትክክል ነው። ቤት ለመጨረስ ማሰብህም ትክክል ነው። ለቤተሰቡ ብሎ የሚደክምን ሰው «ገንዘብ ምን ያደርጋል» ብዬ አልመክርም፤ ገንዘብ ብዙ ነገር ያደርጋል፣ ያጣ ሰው ያውቀዋል። ግን በ75 ሰዓት ሥራ፣ በ5 ሰዓት እንቅልፍ፣ ያውም ካልታየ ግፊት ጋር ሦስት ዓመት አያስኬድም። ዕቅድህ ውስጥ አንድ ትልቅ ወጪ ሳይመዘገብ ቀርቷል። አንተ ደግሞ የሒሳብ ሰው ነህ። አንድ ደንበኛ ገቢውን ብቻ ደምሮ፣ ትልቁን ወጪውን ትቶ «ፈርምልኝ» ቢልህ አትፈርምለትም።

የሥራ ጤና ሐኪም ነኝ። ወደ እኔ የሚመጡት አብዛኞቹ እንዳንተ ያሉ ሰዎች ናቸው፤ ታታሪ፣ ኃላፊነት የሚሰማቸው፣ ቤተሰብ የሚወዱ። ሰነፍ ሰው በዚህ በር ብዙም አይገባም። ስለዚህ የምጽፍልህ ልወቅስህ አይደለም።

ከግፊቱ ልጀምር። ሌላው ሁሉ ሳምንትም ወርም ሊቆይ ይችላል፣ እሱ ግን አይቆይም።

አንድ ጊዜ ተለክቶ 152 በ96 መውጣቱ ብቻውን «የደም ግፊት በሽተኛ ነህ» አያሰኝም። ሮጠህ ደርሰህ ይሆናል፣ ጉንፋኑ ይሆናል፣ ነጭ ጋዋን አይተህ ተጨንቀህ ይሆናል። ይህን የሚለየው ግን መድገም ብቻ ነው፣ አንተ ደግሞ ወር ሙሉ አልደገምክም። ይበልጥ ያሳሰበኝ «የሚያመኝ ነገር የለም» ያልከው ነው። ግፊት አያምም። ራስ ምታት ካለ ግፊት አለ፣ ከሌለ የለም ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው፤ እንደዚያ አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2021 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጽፍልህ) ባወጣው ግምት ከ30 እስከ 79 ዓመት ካሉ ሰዎች ውስጥ 1.28 ቢሊዮን ያህሉ የደም ግፊት ነበረባቸው፤ ከእነዚህ 46 በመቶ የሚሆኑት ግን እንዳለባቸው አያውቁም ነበር። ግማሽ ያህሉ ማለት ነው። እነሱም ሁሉ «የሚያመኝ ነገር የለም» የሚሉ ናቸው።

አለካኩን በደንብ ልንገርህ፣ ምክንያቱም በስህተት የተለካ ቁጥር ከአለመለካት ብዙም አይሻልም። ክንድ ላይ የሚታሰር መለኪያ ፈልግ፤ የእጅ አንጓ ላይ ከሚታሰረው ይሻላል። ከመለካትህ በፊት ለ30 ደቂቃ ቡና አትጠጣ፣ ሲጋራ አታጭስ። ሽንት ቤት ግባ። ከዚያ ጀርባህን አስደግፈህ፣ እግርህን ሳታነባብር፣ 5 ደቂቃ ዝም ብለህ ተቀመጥ። ክንድህ ጠረጴዛ ላይ ይረፍ፣ በልብህ ትክክል ይሁን። አታውራ፣ ስልክም አትመልከት። ሁለቴ ለካ፣ በመካከል 1 ደቂቃ አሳርፍ። ይህን ጠዋትና ማታ ለ7 ቀን አድርገውና ጻፈው፣ የመጀመሪያውን ቀን ጣለውና የቀሩትን አማካይ አውጣ። ይሄ ላንተ ሥራ አይደለም። አማካዩ 135 በ85 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ፣ ወረቀቱን ይዘህ ሐኪም ጋ ሂድ። አንዴም ቢሆን ቁጥሩ 180 በ120 አልፎ የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ወገን መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መጎተት ወይም የዓይን ብዥታ ከታየብህ 7 ቀን አትጠብቅም፣ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ትሄዳለህ።

ሐኪሙ ምናልባት ኩላሊትህን፣ ስኳርህን፣ የደም ቅባትህን፣ ሽንትህንና ልብህን ያያል። መድኃኒት ካዘዘልህ አትሽሽ። «አንዴ ከጀመርኩ እስከ ዕድሜ ልክ ነው» ብለው የሚፈሩ ሰዎች አሉ፤ ብዙ ሰው ለረጅም ጊዜ ይወስደዋል፣ ግን ሁልጊዜ ዕድሜ ልክ አይደለም። ክብደትና ጨው ቀንሰው፣ እንቅልፋቸውን አስተካክለው በሐኪም ክትትል መድኃኒቱን የቀነሱ ሰዎች አይቻለሁ፣ ያቆሙም አሉ። በነገራችን ላይ ማታ ማታ ለመንቃት ኃይል ሰጪ መጠጥ የምትጠጣ ከሆነ፣ ወይም ለወገብና ለራስ ምታት እያልክ እንደ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ ያሉ ማስታገሻዎችን አዘውትረህ የምትውጥ ከሆነ ለሐኪሙ ንገረው። ሁለቱም ግፊት ይጨምራሉ። ጮክ ብለህ የምታንኮራፋም ከሆነ ንገረው፤ ይህን እንኳ ባለቤትህን ብትጠይቅ ይሻላል። ሌሊት ትንፋሽ እየተቆረጠ የሚያንኮራፋ ሰው ግፊቱ በመድኃኒትም እምቢ ሊል ይችላል።

ለምን ይህን ያህል እንደማጣድፍህ በቁጥር ላሳይህ። በ2002 የታተመ አንድ ትልቅ ትንተና አለ፤ 61 ጥናቶችን፣ 1 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን አጠቃሎ የያዘ። ከ40 እስከ 69 ዓመት ባሉ ሰዎች ላይ የላይኛው ቁጥር በ20 በጨመረ ቁጥር (ወይም የታችኛው በ10) በስትሮክና በልብ ሕመም የመሞት ዕድል በእጥፍ ያድጋል፣ ጭማሪውም ከ115 በ75 ጀምሮ ነው። አንተ 41 ዓመትህ ነው። 152 ላይ ከቆየህ 115 ላይ ካለው እኩያህ ጋር ስትነጻጸር አደጋው ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል። ወለድ የሚወልድ ዕዳ ምን እንደሚመስል ላንተ አላስረዳም። የባንኩን ዕዳ እየከፈልክ ይሄኛው በጎን እያደገ ነው። ሳይቃጠል በቅጠል ነው።

አሁን ወደ 75 ሰዓቱ።

በ2021 የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም የሥራ ድርጅት በጋራ አንድ ጥናት አውጥተው ነበር። በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሚሠራ ሰው፣ ከ35 እስከ 40 ሰዓት ከሚሠራው ጋር ሲነጻጸር በስትሮክ የመያዝ አደጋው 35 በመቶ፣ በልብ የደም ሥር ሕመም የመሞት አደጋው ደግሞ 17 በመቶ ይጨምራል ይላል። በ2016 ብቻ ከረጅም የሥራ ሰዓት ጋር በተያያዘ በእነዚህ በሁለቱ ምክንያት 745 ሺህ ሰው እንደሞተ ገምተዋል። ከእነዚህ 72 በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው።

35 በመቶ ሲባል አትደንግጥም፣ አታቃልለውም። ከ100 ሰው 35ቱ ይታመማል ማለት አይደለም። ከ1000 ሰው 10 የሚታመም ቢሆን፣ 13 ወይም 14 ይሆናል ማለት ነው። ይህን ሲሰሙ «እና ሦስትና አራት ሰው ነው እንዴ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ነገር ግን ባንተ ላይ ረጅም ሰዓት ብቻውን አልመጣም። ግፊት አለ፣ እንቅልፍ ማጣት አለ፣ ቀኑን ሙሉ ወንበር ላይ መዋል አለ፣ ምናልባትም አምሽቶ እየበሉ መተኛት አለ። አንዱ ሌላውን እየገፋ ይሄዳል።

ከዚያ ጥናት ውስጥ ለእኔ ይበልጥ የሚያሳዝነኝ ሌላ ነገር ነው። አብዛኞቹ ሟቾች ዕድሜያቸው ከ60 እስከ 79 የነበሩ፣ ከ45 እስከ 74 ባለው ዕድሜያቸው ደግሞ በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ የሠሩ ናቸው። ማለትም ደረሰኙ የሚመጣው ያን ሰዓት በሠራህበት ዓመት አይደለም። ቤቱ ተጨርሶ፣ ልጆች አድገው፣ «አሁን ልረፍ» ባልክበት ጊዜ ነው። ዕቅድህ «ከሦስት ዓመት በኋላ ጤናዬን አያለሁ» የሚለው ላይ የቆመ ስለሆነ ነው ይህን የማነሳልህ። ጤና ለጊዜው ወደ ጎን አድርገኸው፣ እንዳስቀመጥከው የምታገኘው ነገር አይደለም።

እንዴት ነው ሥራ የደም ሥር የሚጎዳው? ቀላሉን ልንገርህ። ጤነኛ ሰው ሲተኛ ግፊቱ ከቀኑ ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ልብና የደም ሥር ይበልጥ የሚያርፉት ያኔ ነው። እንቅልፍህን ከ7 ሰዓት ወደ 5 ስታወርደው ከዚህ ዕረፍት ላይ 2 ሰዓት ቆርጠህ ወሰድክ። በዚያ ላይ አእምሮ በውጥረት ላይ ሲሆን አድሬናሊንና ኮርቲሶል የሚባሉ የውጥረት ሆርሞኖች ይጨምራሉ፤ ልብ ቶሎ ቶሎ ይመታል፣ የደም ሥር ይጠባል። ለአንድ ሳምንት የሒሳብ መዝጊያ ሰሞን ቢሆን ሰውነት ይችለዋል። ሰውነት ለአጭር ሩጫ ተሠርቷል። ሦስት ዓመት ግን ሰሞን አይደለም።

«ለምጄዋለሁ» ስላልከው እንቅልፍ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው።

በ2003 በታተመ አንድ ጥናት ሰዎችን ለ14 ቀን አንዱን ቡድን 4 ሰዓት፣ አንዱን 6፣ አንዱን 8 ሰዓት እያስተኙ ንቃታቸውን በየቀኑ ይለኩ ነበር። 6 ሰዓትና ከዚያ በታች የተኙት ንቃታቸው ከቀን ወደ ቀን እየወረደ ሄዶ፣ መጨረሻ ላይ እስከ ሁለት ሌሊት ጭራሽ ካልተኛ ሰው እኩል ደረሰ። የሚገርመው ግን «እንቅልፍ እንቅልፍ ይልሃል ወይ?» ተብለው ሲጠየቁ ከጥቂት ቀናት በኋላ መልሳቸው ብዙም አልተለወጠም። ሥራቸው እየተበላሸ እነሱ ደህና ነን ይሉ ነበር። አንተ የለመድከው ድካሙን ነው፣ እንቅልፍ ማጣቱን አይደለም።

አንድ ሌላ ነገር ጨምር። ከ24 ሰዓት 5 ብትተኛ 19 ሰዓት ነቅተሃል። በ2000 የታተመ ጥናት ከ17 እስከ 19 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው በአንዳንድ የፍጥነትና የትክክለኛነት ፈተናዎች ላይ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል ካለበት ሰው እኩል ወይም የባሰ እንደሆነ አሳይቷል። አንተ በየቀኑ የመጨረሻዎቹን ሰዓታት የሰው ሒሳብ የምትሠራው በዚህ ሁኔታ ላይ ሆነህ ነው። አንዲት ዜሮ ስትዘለል ያን ሒሳብ ፈልጎ ለማግኘት ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብህ አስብ።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማውቀው። ወጣት ሐኪም ሳለሁ ከመደበኛው ሥራዬ ሌላ አንድ ቦታ የሌሊት ተረኛ ሆኜ እሠራ ነበር። ዕዳ ነበረብኝ፣ እንዳንተው «ትንሽ ጊዜ ብቻ» ብዬ ነበር የገባሁት። አንድ ቀን ጠዋት ከአዳር ወጥቼ እየነዳሁ እንቅልፍ ወሰደኝ። ስነቃ መኪናው ከመንገድ ወጥቶ የድንጋይ አጥር ላይ ተደግፎ ቆሟል። ማንም አልተጎዳም። ነገር ግን በዚያው የመንገድ ጠርዝ ላይ፣ ትንሽ ወደ ኋላ፣ ደብተር ያነገቡ ልጆች አልፌ መምጣቴ ትዝ ይለኛል። ከመኪናው ወርጄ እጄ ሲንቀጠቀጥ ቆየሁ። ያን ዕለት መሪውን ከመያዜ በፊት «ደክሞሃል?» ብትለኝ «ደህና ነኝ» ነበር የምልህ። በውሸት አይደለም፣ እንደዚያ ነበር የተሰማኝ።

እሺ፣ ወደ ገንዘቡ እንምጣ። የሰዎች ትልቁ ስህተት ሁሉንም ሰዓት እኩል አድርጎ ማየት ነው። 75 ሰዓት ሠርተህ ጠቅላላ ገቢህን ለ75 ስታካፍል አማካይ ይወጣል፣ አማካዩ ግን ይደብቃል። ሦስት መዝገብ ክፈት፤ የቀን ሥራ፣ የማታው ሥራ፣ ንግዱ። በእያንዳንዱ ላይ የሚገባውን ጻፍ፣ ከዚያ ቀንስ። ግብር፣ መጓጓዣ፣ ቤት ባለመግባትህ ውጭ የምትበላውን፣ ያጠፋኸውን እንደገና ለመሥራት የፈጀውን ሰዓት፣ ከደንበኛ ጋር በስልክ ስትነጋገር የጠፋውን እሁድ። የቀን ሥራህ በሰዓት 100 የሚያስገኝ ቢሆን፣ የማታው በወረቀት ላይ 80 ይመስልህና ሲጣራ 50 ይወርዳል። ንግዱ ደግሞ ከሁሉም ያሳስበኛል። አብዛኛው ሰው ለራሱ ንግድ ሲሠራ የራሱን ጉልበት ወጪ አይዝም። «አተረፍኩ» የሚለው ያለ ደሞዝ ሠርቶ ነው። አንተ የምታደርገውን ሥራ ሰው ቀጥረህ ብትከፍል ኖሮ ንግዱ ትርፍ ይኖረው ነበር ወይ? ይህን ለሌላ ሰው ቢሆን በአሥር ደቂቃ ነበር የምታወጣው።

ድካም ራሱ ምርትን ይበላል፤ ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በብሪታንያ የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ሠራተኞች ላይ የተያዘ መዝገብ አለ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ። አንድ የምጣኔ ሀብት ተመራማሪ በ2014 ያንን መዝገብ መልሶ ሲያሰላው፣ ከ50 ሰዓት ገደማ በኋላ እያንዳንዱ ተጨማሪ ሰዓት የሚያወጣው ምርት እየቀነሰ ይሄዳል። 70 ሰዓት የሠሩት ያመረቱት 56 ሰዓት ከሠሩት ብዙም አይለይም። 14 ሰዓት በከንቱ። ያ የእጅ ሥራ ነበር፤ ያንተ ደግሞ ቁጥር ላይ ያፈጠጠ የአእምሮ ሥራ ነው።

ስለዚህ የምልህ «ገንዘብ መፈለግህን ተው» ሳይሆን «ርካሹን ሰዓት ፈልገህ እሱን ጣል» ነው። በጤና በኩል ከሁሉም የሚያስከፍልህም ያው ርካሹ ሰዓት ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው፣ የእሁድ ከሰዓቱ። ሰዎች ሰዓት ቀንሱ ስላቸው ገቢያቸው በዚያው ልክ የሚወርድ ይመስላቸዋል፤ 20 ሰዓት ብቀንስ ከገቢዬ ሩብ በላይ አጣሁ ይላሉ። የወደቀው ርካሹ 20 ሰዓት ከሆነ የምታጣው ከዚያ ያነሰ ነው።

ሳምንት 168 ሰዓት ነው። አሁን 75 ሥራ፣ 35 እንቅልፍ፣ 58 ይቀርሃል። ወደ 55 ሰዓት ሥራ ብትወርድና በቀን 7 ሰዓት ብትተኛ 64 ይቀርሃል። ሁለት ሰዓት ሙሉ በየሌሊቱ ጨምረህ ተኝተህ እንኳ ከአሁኑ 6 ሰዓት ትርፍ አለህ። ይህን ስነግራቸው ብዙዎቹ ወረቀት አውጥተው እንደገና ይደምራሉ፤ አንተም ደምር።

አሁን ስለ «ሦስት ዓመት»። እዚህ ላይ በግልጽ ልጠይቅህ፤ ሦስት የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ዕዳው ስንት ነው፣ በወር ስንት ይከፈላል፣ ቤቱ ምን ያህል ይቀረዋል ብለህ አስልተህ የደረስክበት ነው ወይስ ሲነገር የማይከብድ ቁጥር ስለሆነ? ከዚህ በፊትስ «ሁለት ዓመት ብቻ» ብለህ አታውቅም? በብዙ ሰው ላይ የማየው ቀኑ ሲደርስ አዲስ ነገር መምጣቱን ነው። ዕዳው ሲያልቅ መኪና፣ መኪናው ሲገዛ የልጆች ትምህርት፣ ከዚያ ሌላ ቤት። ቀን ያስቀመጠ ሰው ቀኑን ይገፋዋል። የገንዘብ መጠን ጽፎ ያስቀመጠና «ይህ ሲሞላ የማታውን ሥራ አቆማለሁ» ብሎ ለሚስቱ ያሳየ ሰው ግን ብዙ ጊዜ ያቆማል። አንዱ ዕዳህ ወለዱ ከባድ ከሆነ መጀመሪያ እሱን ግደለው፣ ቤቱ ይጠብቅ። የቤት ግንባታን ማዘግየት የሚያስወቅስህ ዘመድ ይኖራል፤ ይውቀስ።

ትርፍ ሥራ ለተወሰነ ጊዜ መሥራትን ጭራሽ አልቃወምም። እንዲያውም ወለዱ አንገት ለያዘው ሰው ዕዳው ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ ግፊት ይጨምራል፤ ስለዚህ ስድስት ወር ጨክኖ ሠርቶ መገላገሉ ለጤናውም ሊበጀው ይችላል። ግን ወሰን ይኑረው። 55 ሰዓት አይለፍ፤ ጥናቱ አደጋውን ያየው ከ55 ጀምሮ ስለሆነ ከዚያ ቢያንስ ይሻላል። እንቅልፍ ከ7 ሰዓት አይውረድ፣ ካልሆነልህ ከ6 ሰዓት ተኩል ጀምርና ውጣ። በሳምንት አንድ ሙሉ ቀን ሥራ የሚባል አይነካ፣ «ትንሽ ልይ» የሚባለውም ሥራ ነው። ግፊትህ ደግሞ በየወሩ ይለካ። ግፊቱ ካልወረደ ዕዳው ቢቀርም የማታው ሥራ ይቆማል። ይህን አስቀድመህ ወስን፣ በዚያ ሰዓት ለመወሰን ጉልበት አይኖርህም።

ወደ ልጆቹ ልምጣ። ባለቤትህ ያለችህን ደግሜ አነበብኩት። ነገሩ ከባድ ነው፣ ግን እሷ እየወቀሰችህ ብቻ አይደለም፣ ያየችውን ነው የነገረችህ። ገንዘብ ዘንድሮ ብታጣ ከርሞ ልታገኘው ትችላለህ። ልጅህ ዘንድሮ የሚጠይቅህን ጥያቄ ከሦስት ዓመት በኋላ አይጠይቅህም፣ በዚያን ጊዜ የሚጠይቀው ሌላ ሰው አግኝቷል። ትልቅ ነገር አድርግ አልልህም። ሽርሽር አያስፈልግም፣ ስጦታም አያስፈልግም። በሳምንት ሦስት ማታ፣ በታወቀ ቀን፣ በታወቀ ሰዓት ቤት ሁን፣ ስልክህን ሌላ ክፍል ተወው። ልጆች ቀኑን ያውቁታል፣ ይጠብቁታል። እንደተመቸህ ብቅ ከምትለው ይልቅ ቀጠሮ አክብረህ የምትመጣዋን አንዷን ሰዓት ነው የሚይዟት። ያን ጊዜ ብዙ አታውራ፣ ቁጭ በል ብቻ፣ እነሱ ያወራሉ። መጀመሪያ ሰሞን ዝም ሊሉህም ይችላሉ፤ አትከፋ።

በገንዘብ ጊዜ መግዛት ስለሚባለው ነገር አንድ ነገር ልበል። በ2017 የታተመ፣ በአራት ሀገሮች ከ6 ሺህ በላይ ሰዎችን ያሳተፈ ጥናት ነበር፤ ጊዜ የሚበሉ የቤት ሥራዎችን ለሰው ከፍለው የሚያሠሩ ሰዎች ከማያሠሩት ይልቅ በሕይወታቸው ይበልጥ ረክተው ተገኝተዋል። የሀብታሞች ነገር ብቻም አልነበረም። አንተ ከማታው ሥራ ከምታገኘው ላይ ትንሽ ቀንሰህ ለንግዱ በቅዳሜ የሚቆም ሰው ብትቀጥር፣ ለራስህ ቅዳሜን ገዛህ ማለት ነው። ግን ተጠንቀቅ፤ የተገዛው ሰዓት ተመልሶ ሥራ ከገባበት ገንዘቡ ጠፋ።

ገንዘብ ደስታ አይሰጥም የሚለውንም እንዳለ አልቀበለውም። በ2023 የታተመ ጥናት ገቢ ሲጨምር የአብዛኛው ሰው ደስታ አብሮ እንደሚጨምር አሳይቷል፤ በተለይ በጣም የተከፉት 20 በመቶ ያህሉ ላይ ግን አንድ ደረጃ ካለፈ በኋላ ጭማሪው ይቆማል። ለኔ የሚታየኝ እንዲህ ነው፤ ገንዘብ የገንዘብን ችግር ይፈታል። ሌላ ቦታ የተፈጠረን ኀዘን፣ በትዳር ውስጥ የገባን ዝምታ፣ ስትሮክ ያሰነከለውን እጅ አይፈታም።

አንድ ሰው ደግሞ ይህን እያነበበ «እኔ ከ75 ሰዓት ላይ አንድ ሰዓት ብቀንስ የቤት ኪራይ አይሞላም» ሊል ይችላል። ለዚህ ሰው የምለው ይለያል። ጥፋቱ ያንተ አይደለም፣ የሚከፈልህ አነስተኛ ስለሆነ ነው። ሰዓት መቀነስ ካልቻልክ እንቅልፍን አስቀድም፣ የተቆራረጠም ቢሆን ደምረህ 7 ሰዓት ለማድረስ ሞክር። ከሥራ ወደ ሥራ ስትሄድ በእግርህ የምትሄደውን አትናቀው፤ በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ያለ የእግር ጉዞ የሚመከረውን ያሟላል፣ ጂም አያስፈልገውም። ጨው ቀንስ። ግፊትህን ለካ። ከዚያ ጉልበትህን የሰዓት ዋጋህን የሚጨምር አንድ ነገር ላይ አውለው፤ ሌላ ሥራ መፈለግ፣ አንድ ሙያ መማር፣ ደመወዝ ይጨመርልኝ ብሎ መጠየቅ። ሰዓት የሚያልቅ ነገር ነው፣ የሰዓት ዋጋ ግን ሊያድግ ይችላል።

ላንተ ግን ወንድሜ መንገድ አለህ፤ ሙያ አለህ፣ የቀን ሥራ አለህ። ከ75 ወደ 55 በአንድ ሌሊት አትወርድም፣ ውል ያለበት ሥራ በአንዴ አይጣልም። የዚህ ሳምንት ሥራህ መለኪያ ማግኘትና መለካት ነው። የሚቀጥለው ሳምንት ሦስቱን መዝገቦች ክፈትና ከባለቤትህ ጋር ተቀምጣችሁ እዩት፤ ብቻህን አትወስን፣ ያጣችው ሰዓት የእሷም ነው። ከሁለቱ የማታ ድርጅቶች ዝቅ ያለ ክፍያ የሚከፍለውን ለይና የማቆሚያ ማስታወቂያ ስጠው። ንግዱን ደግሞ የራስህን ጉልበት ወጪ አድርገህ እንደገና አስላው፤ ኪሳራ ካሳየህ ያን ጊዜ ብዙ አያከራክርህም።

ከሰባት ቀን በኋላ የ6ቱን ቀን አማካይ ላክልኝ። የጠዋቱንና የማታውን ለይተህ።